በአሮጌ ቮልስ ጣርማበርን ለምትወርዱ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በቮልስ ከመነሳታችሁ በፊት የዲናሞውን ቺንጊያ እዩ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የሚያዞረው ይሄው አንድ ቺንጊያ ነው። መሃሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። ከዚያ በላይ ከላላ፣ ከፑሌጃው (ቺንጊያው ከሚዞርበት ክብ ብረት) መሃል አንድ ሮንዴላ (ቀለበት ብረት) አውጥታችሁ ከፑሌጃው ውጭ በኩል አድርጉት፤ 21 ቁልፍና ካቻቢቴ ይበቃል። ትርፍ ቺንጊያ ሳይያዝ አይወጣም። እየነዳችሁ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ፤ «ደብረ ሲና ልድረስ» ማለት ሞተር ያስበላል።

ጣርማበር ላይ ሞተሩ ጉልበት ቢያንሰው ካርቡራቶር አትነካኩ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው።

ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ እንደወጣችሁ፣ ፍጥነት ሳይጨምር 2ኛ ማርሽ አስገቡ። ፍሬኑን ረግጦ ይዞ መውረድ ሸራውን ያግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ርገጡ። ፍሪሲዮን ረግጦ መንሸራተት ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ካለ አትስሙት።

ጉም ከወረደ አጭሩን መብራት ተጠቀሙ፣ ረጅሙ ተመልሶ ዓይን ይወጋል። ባለ 6 ቮልት ቮልስ ከሆነ ግን መብራቱ ደካማ ስለሆነ ጉሙ እስኪገለጥ ዳር ይዛችሁ ጠብቁ።