ለአማተር ቲያትር ክበብ አንጋፋ አባል የመታሰቢያ ዝግጅት እንዴት ይሰናዳል?

በቀበሌ አዳራሽ ወይም በወጣት ማዕከል ሲሠራ የኖረ የአማተር ቲያትር ክበብ አንጋፋ አባሉን በሞት ሲያጣ፣ ከቀብር መልስ የሚነሳው ጥያቄ «ምን እናድርግለት?» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ ባነር፣ የሻማ ማብራት ሥነ ሥርዓትና ተራ በተራ የሚቀርብ ንግግር ሆኖ ይቀራል። ስመ ጥር ተዋናይ ሲያርፍ ፎቶግራፉም ቃለ መጠይቁም ከየመገናኛ ብዙኃኑ ይገኛል፤ የክበብ አባል ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢሠራም፣ ስሙ የሰፈረው በእጅ በተጻፈ ማስታወቂያና በደብተር ላይ በተገለበጠ ጽሑፈ ተውኔት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአዘጋጆቹ ትልቁ ድካም የሟቹን ሥራ ፈልጎ በመመዝገብ ላይ መዋል አለበት፤ የመድረኩ ዝግጅት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀኑን መምረጥ

ድንኳኑ ሳይነሳ ከክበቡ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ተሰባስቦ ለቅሶ መድረስና፣ ቤተሰቡ ከጠየቀ በቀብር ላይ ለሚነበበው የሕይወት ታሪክ የቲያትር ዘመኑን የሚመለከት አንድ አንቀጽ ማቅረብ። አንቀጹ በችኮላ የሚጻፍ በመሆኑ ያልተረጋገጠ ዓመተ ምሕረትና የተውኔት ርእስ ባይኖርበት ይሻላል፤ በቀብር ላይ የተነበበ ስሕተት በኋላ ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ይኖራልና።

ለመታሰቢያው ብዙ ክበቦች አርባውን ወይም ሙት ዓመቱን ይመርጣሉ። ሟቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ከነበረ ቤተሰቡ በእነዚህ ቀናት በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር ስለሚጠመድ፣ የክበቡን ዝግጅት በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ማድረግ ከግጭት ያድናል። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ሙዚቃና ምስል ያለበት ዝግጅት ተገቢ መሆን አለመሆኑን ቀን ከመቁረጥ በፊት የቤቱን ታላላቆች መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላው አማራጭ መጋቢት 18 ነው። ይህ ቀን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የዓለም ቲያትር ቀን ሆኖ ስለሚከበር ባለሙያዎችን ለመጋበዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል መስተንግዶው የጾም መሆን እንዳለበት፣ ጭፈራ ያለበት ትርኢትም ቅር የሚያሰኛቸው ሰዎች እንደሚኖሩ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ለሥራው አራት ወይም አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በቂ ነው። አንዱ ከሟቹ ቤተሰብ፣ አንዱ አብረውት ከጀመሩት ነባሮች፣ አንዱ ደግሞ ስልክና ኮምፒዩተር ከሚቀናቸው ወጣት አባላት ቢሆን መልካም ነው።

የሥራ ዘመኑን መሰብሰብ

በዚህ ደረጃ ላይ መቸኮል አይገባም። የአንድ አንጋፋ አባል የሥራ ዘመን በአንድ ክበብ ስም ብቻ ተጠቃልሎ አይገኝም። በደርግ ዘመን በቀበሌ ወይም በከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ በነበረው የከተማ አስተዳደር እርከን) የኪነት ቡድን ጀምሮ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኪነቱ ሲበተን ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ክበብ ያቋቋመ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ አጫጭር ድራማዎችን በየትምህርት ቤቱ ሲያሳይ የቆየ ሰው ጥቂት አይደለም። እያንዳንዱ ዘመን የራሱ ምስክሮች አሉት፤ ምስክሮቹም ብዙውን ጊዜ እርስ በርስ አይተዋወቁም። በመሆኑም ለየዘመኑ ቢያንስ ሁለት ሰው ፈልጎ ማነጋገር፣ ውጭ አገር ከሄዱትም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መቀበል ይበጃል።

ለእያንዳንዱ ተውኔት አንድ ገጽ ይመደብና ርእሱ፣ ጸሐፊው፣ አዘጋጁ፣ ሟቹ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ወይም የሠራው ሥራ፣ የታየበት ቦታና ዓመት፣ በመጨረሻም መረጃውን የሰጠው ሰው ስም ይጻፍበታል። ሁለት ምስክሮች የተለያየ ነገር ከተናገሩ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ሳይሆን ሁለቱንም መጻፍ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ ሲቀርብ «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ መጀመር «ደግ፣ ትሑት፣ ሰው ወዳድ» ከሚል ለማንም ከሚሰጥ መልስ አያልፍም። «ጋሼ፣ መጋረጃው ሊከፈት ሲል እሱ የት ነበር? ምን ይዞ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሰዎች የአዳራሹን ቁልፍ ከጥበቃው ለምኖ ያመጣው፣ ወንበር ከእድሩ የተዋሰው፣ ለንጉሡ ልብስ የጎረቤት ካባ ያስመጣው፣ ቃለ ተውኔቱ የጠፋበትን ተዋናይ ከመጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ የሚያስታውሰው ማን እንደነበር መናገር ይጀምራሉ። ክበቡን ያቆመው እንዲህ ያለው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በማስታወቂያ ላይ ስሙ የሚወጣው የዋናው ተዋናይ ብቻ ነበር። ተናጋሪው ሲፈቅድ ድምፁን በስልክ መቅዳት፣ ቤተሰቡ የማያውቀው ጉዳይ ከተነሳ ደግሞ ሳያማክሩ ወደ አደባባይ አለማውጣት ይገባል። በተለይ በወጣትነታቸው ከወላጆቻቸው ተደብቀው የተወኑ ሴቶች ዛሬም ጉዳዩ እንዲነሳ ላይፈልጉ ይችላሉ።

ፎቶግራፎችን በተመለከተ የዘመን አቆጣጠሩ ጥንቃቄ ይሻል። በፊልም ካሜራ በተነሡ ፎቶግራፎች ጥግ የሚታየው «97» የሚል ቁጥር እንደ ፈረንጆቹ 1997 በመሆኑ፣ በእኛ አቆጣጠር 1989 ወይም 1990 ነው። በ1997 ዓ.ም. እንደተነሣ ተቆጥሮ ከተመዘገበ ግን ሙሉ የሥራ ዘመኑ ይዛባል። በፎቶው ጀርባ የተጻፈ ነገር ካለ የፊቱንም የጀርባውንም ማንሣት ያስፈልጋል። የካሴትና የቪኤችኤስ ቅጂዎች ደጋግመው ከመታየታቸው በፊት ወደ ዲጂታል ይገልበጡ፤ አሮጌ ክር በማጫወቻ ውስጥ ሊበጠስ ይችላልና። ክበቡ በታወቀ በዓል ወይም ውድድር ላይ ተካፍሎ ከነበረም በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የዚያን ወር እትሞች ማገላበጥ አይከፋም።

መድረኩ

ለቲያትር ሰው ተገቢው መታሰቢያ ቲያትር ነው። ንግግር ከሦስት ሰው፣ ለእያንዳንዱም ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጥና ተጽፎ እንዲቀርብ ቢደረግ፣ ቀሪው ጊዜ ሟቹ ከተጫወተባቸው ወይም ካዘጋጃቸው ተውኔቶች ለተመረጡ ሁለት ትዕይንቶች ይተርፋል። ተውኔቱን የጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ ፈቃዱን መጠየቅ ግዴታ ነው። ሟቹ ራሱ የጻፈውም ቢሆን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ የወራሾቹን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ክበቦች የሟቹን ወንበር ባዶ አድርገው መብራት ያበሩበታል። ተመልካቹን ያስለቅሳል፤ ስለ ሰውየው ግን ምንም አይነግረውም። ከዚያ ይልቅ የእርሱን ገጸ ባሕርይ እርሱ ያሠለጠነው ወጣት ቢጫወተው፣ አዳራሹ የእርሱን የአነጋገር ዘዬና የእጅ እንቅስቃሴ በሌላ ሰው ላይ ያየዋል። ሟቹ የሚታወቀው በኮሜዲ ከሆነም ሳቅን መፍራት አይገባም፤ የሚቀርበው ትዕይንት የሚያስቅ መሆኑ ብቻ ለእናቱ፣ ለባለቤቱና ለልጆቹ ቀደም ብሎ ይነገራቸው። ልምምዱ ከሦስት ሳምንት ባያንስ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ቢያንስ አንዱ ትዕይንት ያለ ማይክሮፎንና ያለ ፕሮጀክተር የሚሠራ ቢሆን ጥሩ ነው።

በመግቢያው የሟቹ የእጅ ጽሑፍ ያረፈባቸው ደብተሮች፣ አልባሳትና ማስታወቂያዎች በጠረጴዛ ላይ ይደርደሩ፤ በአጠገባቸውም ባዶ መዝገብና እስክሪብቶ ይቀመጥ። ኮሚቴው ያላገኛቸው ምስክሮች የሚገኙት ብዙ ጊዜ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ገቢ የሚሰበሰብ ከሆነ ለምን እንደሚውል በመጥሪያው ላይ ይጻፍ፣ ሒሳቡም ቤተሰቡ ባለበት ይነገር። በሟቹ ስም ዓመታዊ ሽልማት እንደሚቋቋም በዕለቱ ስሜት ቃል መግባት ግን አይመከርም፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ የሚቀር ሽልማት ካልተጀመረው ይልቅ ቤተሰብን ያሳዝናል።

ከዝግጅቱ በኋላ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው አዲስ መረጃ ከተውኔቶቹ ገጾች ጋር ተዋሕዶ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለክበቡ፣ አንዱም በአካባቢው ለሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። የተውሶ ፎቶግራፎችና ደብተሮች በሁለት ሳምንት ውስጥ በፊርማ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ።