ከሱሉልታ ተነስቶ ሦስት የአልፕስ ሐይቆችን በአንድ ቪዛ ለመጎብኘት

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተነስቶ አውሮፓን ለማየት የሚያቅድ ሰው፣ እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዳደረግሁት፣ ፓሪስን፣ ሮምንና አምስተርዳምን በአንድ ትንፋሽ ይደረድርና ከዐሥሩ ቀን አምስቱን ሻንጣ ሲጎትት ያሳልፋል። ይህ መመሪያ የሚያቀርበው ሌላ መንገድ ነው፤ በኦስትሪያ ሃልሽታትን፣ በስሎቬኒያ ቦሂንን፣ በጣሊያን ደግሞ ኮሞን መርጦ፣ በእያንዳንዱ ሐይቅ ዳር ቢያንስ ሦስት ሌሊት እያደሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በባቡር መሄድ። ጉዞው ዐሥራ አንድ ሌሊት ይወስዳል። በአውሮፕላን ቪየና ገብቶ ከሚላን መመለስ ስለሚቻል የሄዱበትን መንገድ መድገም አያስፈልግም፤ ሦስቱም አገሮች የሚገበያዩት በዩሮ ስለሆነ ገንዘብ ደጋግሞ መመንዘርም ይቀራል።

ዕቅዱ መጀመር ያለበት ከሐይቆቹ ሳይሆን ከቪዛው ነው። የሸንገን ቪዛ (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የሚጠየቀው ብዙ ሌሊት ከሚታደርበት አገር ሲሆን፣ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ከሚገባበት አገር ነው፤ በዚህ ምክንያት ለኦስትሪያ አምስት ሌሊት (አንዱን በቪየና፣ አራቱን በሃልሽታት)፣ ለስሎቬኒያና ለጣሊያን ሦስት ሦስት ሌሊት ብመድብ ማመልከቻው ያለ ክርክር ወደ ኦስትሪያ ይሄዳል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለሌሎች 15 ቀን የሆነው መደበኛ የምላሽ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን እንዲሆን፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጠን ተደርጓል። ከማመልከትዎ በፊት ውሳኔው ተሻሽሎ እንደሆነ ያጣሩ፤ እስከዚያው ግን ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያስገባ ቆጥረው ያቅዱ። አንዴ ከሸንገን ክልል የወጣ ሰው መመለሻ የለውምና፣ የቦስኒያውን ሞስታር ከተማ ለማየት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ለንደን ብቅ ማለት ጉዞውን እዚያው ያበቃዋል። በአንጻሩ ስዊዘርላንድ የኅብረቱ አባል ባትሆንም ክሮኤሺያም የገባችው በ2023 ቢሆንም፣ ሁለቱም በሸንገን ውስጥ ስለሆኑ ችግር የለባቸውም።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ለመስከረም ጉዞ ከግንቦት ባይዘገይ ይሻላል። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። በእኛ ዳርቻ የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት፤ በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በቡራዩ የተሰጡ የልደት፣ የጋብቻና የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀቶች በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ስለሆኑ፣ የባንክ ስቴትመንቱ ከመዘጋጀቱ በፊት ለትርጉም መሰጠት አለባቸው። የተቀጠረ ሰው የዓመት ፈቃዱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ደግሞ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ክሊራንሱን ያያይዛል። በመጨረሻው ሳምንት ከዘመድ ተበድሮ ሒሳብ መሙላት ከማመልከቻው ድክመቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ስቴትመንቱን የሚያየው ሰው የሚመለከተው የወራቱን እንቅስቃሴ እንጂ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይደለም።

ለወቅቱ የምመርጠው ከእንቁጣጣሽ ማግስት እስከ መስቀል ያለውን ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሐይቆቹ ዳር መቆሚያ ይጠፋል፤ ለሚጾም ሰው ደግሞ ፍልሰታ ከዚህ ጋር ይደርባል። በመስከረም የትምህርት ቤቶቻቸው ዕረፍት ስለሚያልቅ ሕዝቡ ይሳሳል፣ ጀልባዎቹ ግን ገና አይቆሙም። አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ ከቦሌ የሚነሳው በእኩለ ሌሊት ገደማ ስለሆነ የቲኬቱን ቀን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። መስከረም 4 ሌሊት ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚነሳ በረራ በእኛ አቆጣጠር የዚያው ሌሊት ነው፤ በቲኬቱ ላይ ግን የሚጻፈው በማግሥቱ በሴፕቴምበር 15 ነው። ይህን ያልለየ ሰው ቦሌ የሚደርሰው በረራው በሄደ በሃያ አራተኛው ሰዓት ነው። የባቡሩም ሰዓት እንዲሁ ነው፤ 07:15 ማለት የእነርሱ ጠዋት እንጂ የእኛ ቀትር አይደለም፤ እኔ ራሴ በዚህ ስሕተት አንድ ባቡር አምልጦኛል። የስልክዎን ሰዓት ቪየና ሲያርፉ ወደዚያው ይለውጡትና እስኪመለሱ ድረስ በሐበሻ አቆጣጠር ማሰብዎን ይተዉት።

ከቪየና ወደ ሃልሽታት የሚሄድ ሰው አትናንግ ፑኽሃይም ላይ ባቡር ይቀይራል። የሃልሽታት ጣቢያ ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው፤ መንደሩ የሚገባው ከባቡር በወረዱበት ቅጽበት በምትጠብቅ ትንሽ ጀልባ ነው። ጀልባዋ ማምሻውን ሥራ ታቆማለች፤ ባቡሮች ግን ከዚያም በኋላ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ቲኬት ሲቆርጡ የባቡሩን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻዋን ጀልባ ሰዓት ያረጋግጡ። መንደሩ ከሺሕ የማይበልጥ ሕዝብ ያለበት ሆኖ ሳለ ቀን ቀን በአውቶቡስ በሚመጣ ጎብኚ ይጥለቀለቃል፤ አራት ሌሊት ማደር የሚጠቅመው ማለዳውንና ማታውን ለማግኘት ነው። በቀትር ላይ ወደ ጨው ማዕድኑ ይውጡ። እዚያ ጨው መውጣት የጀመረው ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሲሆን፣ የብረት ዘመን መጀመሪያ የነበረው የአውሮፓ ባህል ስሙን ያገኘው ከዚሁ መንደር ነው። አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ በገበያ ሲዞርባት የኖረች አገር ልጅ፣ ያን ተራራ ይህን ያህል ሀብታም ያደረገው ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስድስት መቶ ያህል ቀለም የተቀቡ የራስ ቅሎች የተቀመጡበት ክፍል አለ፤ ልማዱ የመጣው ከመቃብር ቦታ ጥበት ነው። ለአንዳንዱ ሰው ደስ አይልም፤ ማለፍም ይቻላል።

ከሃልሽታት ወደ ቦሂን የሚወስደው መንገድ በሽታይናኽ፣ በቢሾፍስሆፈን፣ በፊላኽና በየሰኒጼ በኩል ባቡር እየቀያየሩ የሚሄዱበት ነው። ከግማሽ ቀን በላይ ስለሚወስድ በማለዳ መነሳት ይገባል። ከየሰኒጼ የሚነሳው ትንሹ ባቡር በብሌድ ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። በብሌድ መሐል ደሴት፣ በደሴቷም በእመቤታችን ፍልሰታ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የጣናንና የወንጪን ደሴቶች ለሚያውቅ ሰው ሥዕሉ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ነገር በዙሪያው ያለው የሆቴልና የመኪና ብዛት ነው። ብሌድን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዙሪያውን በእግር በመዞር ያዩትና ማደሪያዎን ከዚያ 26 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቦሂን ያድርጉ።

ቦሂን የስሎቬኒያ ትልቁ ቋሚ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው፤ ያለበትም ቦታ የትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዳሩ ረጃጅም ሆቴሎች የሉም፤ ደኑ እስከ ውኃው ይወርዳል። ከሐይቁ ምዕራባዊ ጫፍ በደረጃ የሚወጣው መንገድ 78 ሜትር ከፍታ ወዳለው የሳቪጻ ፏፏቴ ያደርሳል። የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ትሪግላቭ 2,864 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ያንሳል። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ ኖሮ ለሚያውቅ የሱሉልታ ሰው በዚያ ትንፋሽ አያጥርም፤ የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው፤ ድንጋዩ ኖራማና አንሸራታች ነው፣ ጉልበትም የሚጎዳው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ክረምቱም ቢሆን፣ በየቅዳሜው ከእንጦጦ ቁልቁል መለማመድ ወይም ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወጥቶ በጽዱ ጥላ ሥር ረጅሙን መንገድ መውረድ ከማንኛውም የጂም ሥልጠና ይበልጣል። ጭቃው ራሱ ለዚያ ድንጋይ ጥሩ አስተማሪ ነው። ለጉዞው አዲስ ጫማ አይግዙ፤ ከገዙም እዚሁ በጭቃችን ይፍቱት።

በእግር መንገድ ላይ ምልክቱን ማንበብ የግድ ነው። በስሎቬኒያ በድንጋይና በግንድ ላይ የሚሳለው በቀይ ክብ ውስጥ ያለ ነጭ ነጥብ ሲሆን፣ በኦስትሪያ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ ሆኖ የተሰመረ ነው፤ ሩብ ሰዓት ተጉዘው ምልክት ካላዩ ወደ መጨረሻው ምልክት ይመለሱ እንጂ እረኛ አገኛለሁ ብለው አይቀጥሉ፤ እረኛ አይገኝም። የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ በሦስቱም አገሮች 112 ነው። በኦስትሪያና በስሎቬኒያ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ የአንጎል ብግነት የሚያመጣ ቫይረስ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ። የከብቱን መዥገር ለምደን የምንንቀው እኛ፣ እዚያ ግን ሱሪን በካልሲ ውስጥ መክተትና ማታ ገላን በሙሉ መፈተሽ ይገባናል።

ከቦሂን የሚያስወጣው ባቡር ለእኔ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። በ1906 የተከፈተው ይህ መስመር ከቦሂንስካ ቢስትሪጻ ወጥቶ 6,327 ሜትር ርዝመት ባለው ዋሻ ተራራውን ይሰነጥቅና በወዲያኛው በኩል አረንጓዴውን የሶቻ ወንዝ ይዞ ይወርዳል። በስተቀኝም በስተግራም መስኮት የሚያሳየው ስላለ በቀላሉ ወንበር መቀየር እንዲቻል ትልቁን ሻንጣ መግቢያው ላይ ይተዉት። መጨረሻው አካባቢ ባቡሩ የሚሻገረው የሶልካን ድልድይ 85 ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ቅስት አለው፤ ከዓለም የባቡር ድልድዮች በድንጋይ ቅስት ስፋት የሚበልጠው የለም። የመጀመሪያው ቅስት በ1916፣ ያ ሸለቆ የጦር ግንባር በነበረበት ጊዜ ፈርሶ፣ ከጦርነቱ በኋላ በዚያው በድንጋይ እንደገና ተሠርቷል። ባቡሩ የሚያቆመው ኖቫ ጎሪጻ ላይ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ የሁለቱ አገሮች ድንበር መሐል ለመሐል ያልፈዋል፤ ተሻግረው በአውቶቡስ ወደ ጣሊያኑ የጎሪዚያ ጣቢያ ይሂዱ። ከዚያ በቬኒስ ሜስትሬና በሚላን በኩል ወደ ኮሞ ሐይቅ መቀጠል ነው። የጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ቲኬት ቀደም ብሎ ሲገዛ ይረክሳል፤ የአካባቢ ባቡሮች ዋጋ ግን አይለወጥም፣ የወረቀት ቲኬታቸውን ግን ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ማሽን ማስመታት ግዴታ ነው።

በኮሞ ማደሪያው ቫሬና ትሁን፤ ባቡር በቀጥታ ይደርስባታል፣ ዝነኛዋ ቤላጆም በጀልባ ከሩብ ሰዓት ብዙም አትርቅም። ሐይቁ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ ከሁለቱ የተራራ ሐይቆች በኋላ ሞቃት፣ ያጌጠና ውድ ሆኖ ይታያል። ለድካም ማረፊያ ያዙት።

ምግብን በተመለከተ፣ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤና አይብ ወደ ኅብረቱ አገሮች ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቅቤ የገባበት ጭኮም ያው ነው። ቆሎ ያዙ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ‹ቪጋን› የሚለው ቃል በሁሉም ቦታ ይገባቸዋል፤ በጣሊያን ቲማቲም ብቻ ያለበት ፓስታ፣ ያለ አይብ ተብሎ ሲታዘዝ፣ የትም አይጠፋም።

በመመለሻው ዋዜማ ቫሬና ላይ ሻንጣዎን ሲያሰናዱ ወፍራሙን ጃኬት ከላይ ያድርጉት። ኮሞ ከባሕር ወለል 200 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሞቃት ዳር የወጣ ሰው በማግሥቱ ማለዳ ቦሌ አርፎ፣ በእንጦጦ ጉም ውስጥ አልፎ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከታክሲ ሲወርድ በጉዞው ሁሉ ያላገኘው ብርድ ይጠብቀዋል።