ሐረግና መስቀል በቬክተር ሲሠራ፦ የሥረኛውን መስመር ስንሰውር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና ባሉ የማስታወቂያና የስጦታ ዕቃ ቤቶች የሚታዘዘው ብዙው ሥራ በኮምፒውተር የሚሣል የመስመር ሥራ (ቬክተር) ነው፤ እንጨት ላይ በሌዘር የሚቀረጽ መስቀል፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር፣ ቲሸርት ላይ የሚታተም ሐረግ (የብራና መጻሕፍት ጥልፍልፍ ጌጥ)። አንዱ መስመር በሌላው ሥር ሲያልፍ የሥረኛው መሰወር አለበት። ሥራ የሚበላሸው እዚህ አሰዋወሩ ላይ ነው።

በብዛት የሚታየው ስህተት የላይኛውን ቅርጽ ነጭ ቀብቶ የሥሩን መሸፈን ነው። ስክሪን ላይም ነጭ ወረቀት ላይም ያምራል። ካተር (የስቲከር መቁረጫ ማሽን) እና ሌዘር ግን የሚከተሉት ፓዙን፣ ማለትም የቅርጹን መስመር፣ እንጂ ቀለሙን አይደለም። የአራዳ ጊዮርጊስን ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ከፊቱ ዛፍ አድርጋችሁ ሥላችሁ ዛፉን ነጭ ብትቀቡት፣ የካተሩ ቢላ የግድግዳውን መስመር በዛፉ መሀል አሳልፎ ይቆርጠዋል፤ ስቲከሩ ሲነሣ ዛፉ ተቆራርጦ ይወጣል። አረንጓዴ ቲሸርት ላይ ደግሞ ያው ፊል (ቅርጹን የሚሞላው ቀለም) ነጭ ዛፍ ሆኖ ይታተማል። ፊሉን የጨርቁን ቀለም ማድረግም አያዋጣም፤ ደንበኛው በማግስቱ ጥቁር ቲሸርት ሲያዝ ፋይሉ እንደገና ይሠራል። ፊሉን ትተው ከላይኛው መስመር ሥር ወፍራም ነጭ ስትሮክ (ለመስመር የሚሰጥ ውፍረትና ቀለም) የሚደርቡም አሉ። ያም ያው ሽፋን ነው፤ የሥረኛው ፓዝ ከነሙሉ ርዝመቱ እዚያው አለ።

ፋይሉ ከመላኩ በፊት መፈተሽ ጊዜ አይወስድም፤ የመሣያ ፕሮግራሞቹ ቀለሙን ትተው መስመሩን ብቻ የሚያሳይ እይታ አላቸው። ኢለስትሬተር ላይ ኮንትሮልና ዋይ ተጫኑ፤ ኢንክስኬፕ ላይ አውትላይን እስኪመጣ ድረስ ኮንትሮልና 5ን ደጋግሙ፤ ኮሬል ላይ ከቪው ውስጥ ዋየርፍሬምን ምረጡ። በዚህ እይታ ከሥር ሲያልፍ የምታዩት መስመር ሁሉ ማሽኑም የሚያገኘው ነው።

ማስክን (የሥዕሉን ከፊል የሚሰውር ሽፋን) ለሁሉ ነገር መጠቀም ሌላው ስህተት ነው። ለሕትመትና ለድረ ገጽ ማስክ በጣም ጥሩ መንገድ ነው፤ ነጭ የሆነው ቦታ ያሳያል፣ ጥቁር የሆነው ይሰውራል፣ ባክግራውንዱም ባዶ እንደሆነ ይቆያል። ብዙ የመቁረጫ ፕሮግራሞች ግን ማስኩን ትተው የሥሩን ፓዝ ሙሉውን ይወስዳሉ። ኢለስትሬተር ከ2023 ዕትሙ ጀምሮ ያመጣው ኢንተርትዋይንም ለዓይን እንጂ ለቢላ አይደለም፤ የላይና የሥሩን ያለዋውጣል፣ ፓዙን ግን አይቆርጥም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ሥዕሉ የሚሄደው ወደ ማተሚያ ነው ወይስ ወደ መቁረጫ የሚለው ነው።

ሐረግ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፤ እኔንም አጥብቆ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናየው ሐረግ እንደ ሹሩባ ነው፤ አንዱ መስመር እዚህ ከላይ፣ ቀጥሎ ከሥር፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ያልፋል። ስህተቱ ይህን በቅደም ተከተል፣ ማለትም አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ በመላክ፣ ለመፍታት መሞከር ነው። አይፈታም። ወደ ፊት የተላከ መስመር በሁሉም መገናኛ ላይ ከላይ ነው የሚሆነው። ሐረጉ ራሱን የሚያቋርጥ አንድ ረጅም ፓዝ ከሆነማ የሚላክ ሁለተኛ መስመርም የለም። ውጤቱ ጥልፍልፉ የጠፋበት የመስመር ክምር ነው፤ ቁም ጸሐፊ ወይም መስቀል ሠሪ አንድ ጊዜ አይቶ ያውቀዋል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብታችሁ መስቀሎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ ጣታችሁን በአየር ላይ እያስኬዳችሁ አንዱን መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የቱን መገናኛ የት እንደምትቆርጡ አይጠፋችሁም።

ኢንክስኬፕ ላይ ለዚህ የተሠራ ነገር አለ፤ ከፓዝ ኢፌክቶች ውስጥ ኖት የሚባለው። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ የሥረኛውን ይበጥስና ክፍተት ይተዋል፤ መገናኛውን መርጣችሁ ክሊክ ስታደርጉት የላዩና የሥሩ ይቀያየራሉ። ስትጨርሱ ኦብጀክት ቱ ፓዝ በሉት፤ መቆራረጡ እውነተኛ ይሆናል። ኢለስትሬተር ላይ ደግሞ ሁሉንም መርጣችሁ ላይቭ ፔይንት ሜክ አድርጉ፤ ሺፍትና ኤል ተጭናችሁ በሁለት መገናኛ መሀል ያለውን ቁራጭ ብቻ ምረጡና ዲሊት በሉት፤ ስትጨርሱ ኤክስፓንድ አድርጉት። አንድም ፊል አልገባም። በመቀስ መሣሪያው መቁረጥም ይቻላል፤ ስማርት ጋይድ (መገናኛውን ነጥብ የሚያመለክተው ረዳት መስመር) ካልበራ ግን መገናኛውን በትክክል ማግኘት ይቸግራል።

ፓዝፋይንደርን (የኢለስትሬተርን ቅርጽ ማጣመሪያና መቁረጫ ቁልፎች) እንደ አጋጣሚ መጫን ብዙ ሥራ አበላሽቷል። ትሪምና መርጅ ስትሮክን ያጠፋሉ፤ የተሠሩት ፊል ላላቸው ቅርጾች ነው። ሳትነኩት የምታቆዩት ቅጂ በሌላ ሌየር (ንብርብር) ላይ ተቆልፎ ይቀመጥ።

መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉን መርሳት አለ። ራውንድ ካፕ (ክብ ጫፍ) ከተቆረጠበት ነጥብ በስትሮኩ ግማሽ ያህል ያልፋል፤ መስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ክፍተቱ ይገባል። በት ካፕ (ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ) ላይ ግን ነጥቡ ላይ ይቆማል። መስመሮቹ በሰያፍ ሲገናኙ ግን የበት ካፕ ክፍተት በአንድ ወገን ይሰፋል። ለሕትመትና ለስቲከር ከሆነ የሥረኛውን አውትላይን ስትሮክ አድርጋችሁ (መስመሩን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ)፣ በላይኛው ሰፋ ባለ ቅጂ በማይነስ ፍሮንት (የፊተኛውን ቅርጽ ከኋለኛው በሚቀንሰው) ቁረጡት። ለሌዘር የመስመር ሥራ ይህን አታድርጉ፤ አንዱ መስመር ሁለት ጠርዝ ይሆንና ጨረሩ በግራም በቀኝም ይሄድበታል።

የመጨረሻው ሥዕሉን ሲያሳንሱ የሚመጣው ነው። ከላይኛው መስመር መሀል እስከ ሥረኛው ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ትታችኋል እንበል፤ የላይኛው ውፍረትም 1 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሹን ውፍረት ስትቀንሱ የሚታየው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንኑ ሐረግ ለማህተም ወደ ሩብ ስታወርዱት ርቀቱ 0.25 ይሆናል፤ ስኬል ስትሮክስ ኤንድ ኢፌክትስ የሚባለው ምርጫ (ውፍረቱን አብሮ የሚያሳንሰው) ካልበራ ግን የመስመሩ ግማሽ ውፍረት 0.5 እንደሆነ ይቀራል። ክፍተቱ ተውጦ ጥልፍልፉ ይጠፋል። ምርጫው በርቶም ቢሆን የሚቀረው ክፍተት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያን ያህል ጠባብ ቦታ በማህተም ላስቲክ ላይ ቀለም ይሞላዋል። ለትንሽ መጠን የሐረጉን መታጠፊያዎች ቀንሳችሁ፣ ክፍተቱን አስፍታችሁ ለብቻው ሣሉት።