መደርደሪያው ሌላ፣ ካሸሯ ሌላ፦ ባለሱቆች ዋጋ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ጅማ ሚኒ ማርኬት ከከፈትኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን ሂርማታ አካባቢ ሱቅ የጀመረ ልጅ "ጋሼ፣ ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ ምን ብዬ ልለጥፍ?" አለኝ። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልበለው።

ማሽኑ ላይ ቀይሮ መደርደሪያውን መርሳት

ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የነበረውን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ መርካቶ ተጭኖ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪደርስ ዋጋው መንገድ ላይ ይቀየር ነበር። እኔም አንድ ማታ የዘይቱን ዋጋ ማሽኑ ላይ አስተካክዬ፣ መደርደሪያውን "ነገ" ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ዋጋውን ያነበበችላቸው ልጅቷ ናት፦ 980። መሐረባቸውን ፈትተው ብሩን ሲቆጥሩ ካሸሯ "1,120 ነው እማማ" አለች። ወደ ልጅቷ ዞረው "ቁጥር እንኳን አታውቂም? ትምህርት ቤት ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?" አሏት። ልጅቷ ትንፍሽ አላለችም። ሮጣ ሄዳ ወረቀቱን ከመደርደሪያው ገንጥላ አመጣችና ካሸሯ ፊት አስቀመጠችው።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በ980 ሸጥኩላቸው። ከመግዣዬ በታች ነው፣ ግን ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ መደርደሪያው ይቀየራል፣ ማሽኑ ቀጥሎ። ሲቀንስ ግን ማሽኑ ይቀድማል። መሃል ላይ ቢረሳ እንኳ የምከስረው እኔ ነኝ እንጂ ደንበኛው አይደለም።

"ዋጋው አይረጋም" ብሎ ጭራሽ አለመለጠፍ

ይሄን ብልጠት አድርጎ የሚያወራ ነጋዴ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋን በግልጽ በሚታይ ቦታ ዘርዝሮ መለጠፍ ወይም ዕቃው ላይ ማድረግ ግዴታ ነው ይላል። ደግሞ ሰው ዋጋ ያልተጻፈበት ሱቅ ሲገባ "ፊቴን አይተው ሊጠሩልኝ ነው" ብሎ ነው የሚያስበው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አንዳንዱ ቤት እንደዚያው ነው።

ቫቱን ካሸሯ ጋ መደመር

ወረቀቱ ላይ 200 ብላችሁ ደረሰኙ ላይ 15 በመቶውን ጨምራችሁ 230 አታድርጉት። አዋጁ የሚለጠፈው ዋጋ ታክስን ያካተተ ይሁን ነው የሚለው።

ስቲከር በስቲከር ላይ

ደንበኛ ይልጠዋል። እኔም ሌላ ሰው ሱቅ ስገባ እልጣለሁ። አሮጌውን አንሱና አዲሱን ለጥፉ፣ አለቀ።

1ን እና 7ን የሚያምታታ የእጅ ጽሑፍ

ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ይጻፍላችሁ፤ የእኔን ሚስቴ ናት የምትጽፈው።

ካሸሯን ለደንበኛ ማጋፈጥ

ዋጋ የምትቀይሩት እናንተ፣ የምትሰደበው እሷ። ልዩነት ሲገኝ እናንተን ሳትጠይቅ በመደርደሪያው ዋጋ እንድትሸጥ ፍቀዱላት፤ ልዩነቱን ደብተር ላይ ትመዝግበው። እንዲህ ሲሆን ማን እንደረሳም ይታወቃል። የእኛ ደብተር ባለፈው ወር ሦስት መስመር ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ የእኔ ናቸው።