«ድክመትሽ ምንድን ነው?» ሲባል የሠራው መልስ
ባሕር ዳር ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት የሚፈተኑትን የሚጥላቸው ይህ ጥያቄ ነው። «ሥራ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም» ማለት አያዋጣም፤ ጠያቂው ይህንኑ ሲሰማ ነው የሚውለው። የሠራው፣ እውነተኛ ግን የሚታረም ስህተት መርጦ ማረሚያውን ማሳየት ነው፦ «ወደ ዘጌ ለሚሄድ ፈረንጅ ጀልባው 2 ሰዓት ይነሣል ስለው የከሰዓቱ መሰለው። አሁን ‹ጠዋት፣ በእናንተ 8 ሰዓት› ብዬ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ መልሶም ያነብልኛል።»

ስህተቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ማረሚያው በሁለት ይለቅ፤ ሁሉም ከ1 ደቂቃ አይለፍ። ስህተቱ ላይ የቆየች ተፈታኝ ይቅርታ ወደ መጠየቅ ትገባለች፤ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። የገንዘብ ጉድለት ግን በፍጹም አይነሣ። ምሳሌው የራስ ገጠመኝ ካልሆነ ደግሞ «ከዚያስ እንግዳው ምን አለ?» ሲባል አፍ ይያዛል።