ፓርኪንሰንን በአረጋውያን ላይ ስንለይ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቡና ተፈልቶ ሰው ተሰብስቧል። ጥግ ይዘው የተቀመጡት አዛውንት ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈዋል፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ይተሻሻሉ። መቁጠሪያ ግን አልያዙም። ሲኒውን ለማንሳት እጃቸውን ሲዘረጉ መንቀጥቀጡ ጋብ ይላል፤ ሲኒውን አስቀምጠው ሲያርፉ ተመልሶ ይመጣል።

«እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ

ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ዓመታት ይበላልና። ፓርኪንሰን የሚመጣው እንቅስቃሴን የሚያሳልጠውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመርቱት የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ ሲሄዱ ነው። ምልክቱ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ብዙዎቹ አልቀዋል። እርጅና ሰውን የሚያዘገየው ሁለቱንም ጎን እኩል ነው። ፓርኪንሰን በአንድ ጎን ይጀምራል፤ ወደ ሌላው ሲሻገርም መጀመሪያ የያዘው ጎን እንደባሰበት ይቆያል።

ስለዚህ አንዱን ጎን ከሌላው ጋር አስተያዩ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ፦ አንዱ ክንድ ሲወዛወዝ ሌላው ከጎናቸው ተጣብቆ ይቀራል? አንዱ እግር መሬት ይጎትታል? ለመዞር እንደ ድሮው አንድ ሁለት እርምጃ ይበቃቸዋል ወይስ አምስት ስድስት ትንንሽ እርምጃ ይፈልጋሉ? ቤት ስትገቡ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ሰፋ አድርገው እየከፈቱ በፍጥነት 10 ጊዜ እንዲያጋጩ ጠይቋቸው፤ እያንዳንዱን እጅ ለብቻ። በሽታው ያለበት እጅ ሦስት አራቱን ደህና አድርጎ ይጀምርና የጣቶቹ መከፈት እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፤ አንዳንዴም መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ይህን ካያችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

የዕለት ሥራም ይናገራል። የሚጽፉ ከሆነ ፊደላቸው ወደ መስመሩ መጨረሻ እያነሰ ይሄዳል፤ ፊርማቸው ይጠባል። የማይጽፉ እናት ከሆኑ እንዝርታቸው ይዘገያል፤ ሊጡን ምጣዱ ላይ አዙረው ሳይጨርሱ ዳር ዳሩ ይበስልባቸዋል። የጋቢ አለባበስ፣ የቁልፍ መቆለፍ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። የልጅ ልጆች «አያታችን ተቆጡ» ይላሉ፤ የዘገየው ግን የፊታቸው ጡንቻ ነው፣ ዓይናቸውም እንደ ልማዱ አይርገበገብም። ስልክ ላይ «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» ማለት ካበዛችሁ የድምፃቸውን መቀነስም ልብ በሉ።

መንቀጥቀጥ እስኪመጣ መጠበቅ

ከ5 ታማሚዎች አንዱ ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ሲጀምረው አይንቀጠቀጥም። ሐኪም ፓርኪንሰን ለማለት የግድ የሚፈልገው የእንቅስቃሴን መዝገም ነው፤ ከዚያ ጋር የመንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ መገተር አንዱ ይበቃዋል። መገተሩ የያዛቸው ሰዎች በትከሻ ሕመም ወጌሻ ቤት ወራት ይመላለሳሉ። የአንድ ትከሻ ሕመም ከዚያው እጅ መዝገም ጋር ከመጣ መታሸቱን ተዉትና አስመርምሯቸው።

ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድመው የሚመጡም አሉ፦ ወጡ ሲያር ሽታው የማይደርሳቸው፣ ሆድ ድርቀት የማይለቃቸው፣ በሕልማቸው እየተጣሉ አልጋ ላይ የሚማቱና የሚጮኹ። እያንዳንዱ ብቻውን ሌላ መነሻ ሊኖረው ይችላል፤ ከመዝገሙ ጋር ሲገጥም ግን ለሐኪሙ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

የሚንቀጠቀጥን ሁሉ ፓርኪንሰን ማለት

ከጀበና ሲቀዱ ወይም ማንኪያ ወደ አፍ ሲያደርሱ ብሶ፣ ሲያርፉ የሚተው፣ ሁለቱንም እጅ የያዘ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል፤ ራስንም ሊያወዛውዝ ይችላል፤ ጽሑፉም የሚንቀጠቀጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲበዛና የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞል ሲወሰድም እጅ ይንቀጠቀጣል።

የመድኃኒቱን ከረጢት ቤት ትቶ መሄድ

ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል፣ ለማዞር የሚሰጠው ሲናሪዚን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ፓርኪንሰንን ቁርጥ የሚመስል መዝገምና መገተር ያመጣሉ። ምንጩ መድኃኒቱ ከሆነ፣ ሐኪሙ ሲያስቆመው ወይም ሲቀይረው በሳምንታት ወይም በወራት ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ያለፈውን አንድ ዓመት የወሰዱትን ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውንም ሳይቀር፣ ይዛችሁ ሂዱ። የአእምሮ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

«ሲቲ ስካኑ ነጻ ነው» ብሎ መረጋጋት

ፓርኪንሰንን የሚያሳይ የተለመደ የደም ምርመራ የለም፤ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይም የሚነሱት ሌላ ነገር እንዳይሆን ለማጣራት ነው። በሽታው የሚለየው ሐኪም አስነሥቶ፣ አስኪዶ፣ እጅ አጥፎና ዘርግቶ ሲያይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ስትሄዱ የነርቭ ሐኪም ሊያያቸው ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ከጣና ሐይቅ፣ ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት፣ በጀልባ ለምትመጡ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ምልክቱ በዚያች ሰዓት ባይታይ ያሳዝናል፤ ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ቅረጹ፦ እጅ ጭን ላይ አርፎ 1 ደቂቃ፣ ከወንበር ሲነሱ፣ ሲራመዱና ሲዞሩ።

መዝገሙ ወራት የፈጀ ሳይሆን በሰዓታት የመጣ ከሆነ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎን ከሰነፈ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቅጽበት ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ መውደቅ ካለም ለሐኪሙ ንገሩት፤ የተለመደው ፓርኪንሰን ያን ያህል ቶሎ አይጥልም።

ክኒኑን ከምሳ ጋር መስጠት

ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር የተዋሃደ ክኒን ነው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያልፍበት በር የፕሮቲንም በር ነው። የጣና ቆሮሶ ዓሣ በልተው፣ ሽሮ ወይም ሥጋ በልተው ወዲያው ከዋጡት ክኒኑ በሩ ላይ ይጋፋል፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ምሳ 7 ሰዓት ከሆነ ክኒኑ 6 ሰዓት ተኩል፤ ከበሉ በኋላ ከሆነ ቢያንስ 1 ሰዓት ቆይቶ። ሲጀምሩ ካቅለሸለሻቸው በትንሽ ደረቅ ቂጣ ይውሰዱት፤ ፕላሲል ግን አትስጧቸው፣ በሽታውን ያብሳል። የደም ማነስ የብረት ክኒን ካላቸው በሁለቱ መካከል ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር። ሽንት ቢጠቁር አትደንግጡ።

ባቄላ በውስጡ ሌቮዶፓ አለው፤ ይህ እውነት ነው። መጠኑ ከእሸት እሸት ስለሚለያይ ክኒኑን ሊተካ አይችልም፤ በብዛት የሚበሉት ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር።

በጾም ወቅት ደግሞ የጠዋቱንና የቀኑን ክኒን ትቶ ሦስቱን ማታ አንድ ላይ መዋጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ተገትረው ይውላሉ፤ ማታ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፣ ሰውነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ይወናጨፋል ወይም ይቃዣሉ። ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል። ጠበል ሲገቡም ክኒኑ አብሮ ይሂድ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የከረረ መገተርና ራስን መሳት አምጥቶ ሊገድል ይችላልና ክኒኑ ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው ሌላ ግዙ።

ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ክንድ ይዞ መጎተት

በሽታው ሲገፋ ደጃፍ ወይም ጠባብ መተላለፊያ ላይ እግር ከመሬት የተሰፋ ይመስላል። ከጎተታችሁ ሰውነት ይቀድማል፣ እግር ይቀራል፣ ይወድቃሉ። ከጎናቸው ቁሙ፤ ይተንፍሱ። የእናንተን እግር ከፊታቸው አግድም አስቀምጡና «ይሻገሩት» በሏቸው፣ ወይም «አንድ፣ ሁለት» እያላችሁ ቁጠሩላቸው። እግሩ ያኔ ይነሣል።