ፈረሱ ሌሊቱን ሲታከክ ካደረ

አጥራችሁን እዩት። ቋሚው ላይ የጋማ ፀጉር ተሰክቶ፣ እንጨቱም በመታሸት ብዛት ለስልሶ ካገኛችሁት ፈረሱ ሲታከክ ነው ያደረው። ጋማውን ገለጥ አድርጋችሁ ከሥሩ በጣት ዳብሱ። ቅርፊት አለ? ትንንሽ እብጠት? የጭራውስ ሥር እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨባሯል? እንግዲያው የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ትንኝ ናት።

ይህቺ ትንኝ ርዝመቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ስትነክስ ላታዩዋት ትችላላችሁ። ጣጣው ያለው ምራቋ ላይ ነው። አንዳንዱ ፈረስ ለምራቋ አለርጂ አለው፣ አጠገቡ የሚግጠው ጓደኛው ግን በዚያችው ትንኝ እየተነከሰ ምንም አይመስለውም። ስለዚህ «ትንኝ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ያሳክካቸው ነበር» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ነገሩ በዘርም የመተላለፍ ዝንባሌ ስላለው፣ ክፉኛ የሚታከክ ፈረስ ባይራባ ይሻላል።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ቅባት ፍለጋ ነው። ቅባቱ ይቆየን። ዛሬ የቀባችሁት ቆዳ ነገ ማታ እንደገና ከተነከሰ ምን ዋጋ አለው?

ትንኟ በብዛት የምትወጣው ጀምበር ስትጠልቅና ጎህ ሲቀድ ነው። ፈረሱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋጣ አስገቡት፣ ጠዋትም ፀሐይዋ ጠንከር እስክትል አታውጡት። ትንኝ ነፋስ አትችልም፤ ለዚህ ነው ጋጣ ውስጥ አንድ ጥሩ ቬንትሌተር ከብዙ መድኃኒት የሚሻለው። ገመዱ ግን ፈረሱ አፍ የማይደርስበት ይሁን፣ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያኝከው። በርና መስኮቱ ላይ የምትሰቅሉት መረብ ከተራ አጎበርም የደቀቀ ይሁን። ለዝንብ የተሠራው ቀዳዳው ስለሚሰፋ ትንኝ ሰተት ብላ ትገባበታለች። ግጦሹ ረግረግ አጠገብ ከሆነ ነፋስ ወደሚያገኘው ከፍታ አዛውሩት። ፋንድያውን አንሱ፣ የታቆረ ውኃ አፍስሱ፤ ግን ከጎረቤት ረግረግ የምትመጣውን በዚህ ብቻ አታስቀሯትም።

አንገትና ሆድ ድረስ የሚሸፍን ስስ የፈረስ ልብስም በጣም ይረዳል። በየቀኑ አውልቃችሁ ከሥሩ እዩ። ትከሻው ላይ ይልጣል፣ ከተቀደደም ትንኟ የምትገባው በዚያችው ቀዳዳ ነው።

የሚረጭ መከላከያ ስትገዙ ለፈረስ የተሠራ መሆኑን እዩ። ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ-ተባይ ያለበት ይሠራል፣ ግን በላብና በዝናብ ይታጠባል። መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። የቆሰለ ቆዳ ላይ አትርጩት። ድመት ካላችሁ ሳይደርቅ አጠገቡ አታድርሷት፣ ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው።

አሁን ወደ ቆዳው። በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት። ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበት የእንስሳት ሻምፑ ካገኛችሁ 10 ደቂቃ ያህል አቆይታችሁ በደንብ አለቅልቁና አድርቁት። ቅርፊቱን በጥፍር አትላጡ። ማሳከኩ ካልበረደ የእንስሳት ሐኪም ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በራሳችሁ ግን እንዳትሞክሩት፣ ሰኮና ውስጥ ከባድ ብግነት ሊያስነሳ ስለሚችል በተለይ ለወፈሩ ፖኒዎች (አጫጭር የፈረስ ዝርያዎች) ያሰጋል። መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሹ ከከበደው ሳታድሩ ሐኪም ጥሩ።

ሁሉም ማሳከክ የትንኝ ነው ማለት ግን አይደለም። ጭራውን ብቻ የሚታከክ ከሆነ የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል። ትንኝ በሌለበት ብርድ ወቅት ከሆነ ፀጉሩን ገልጣችሁ ቅማል ፈልጉ። በእግሩ መሬት እየደበደበ ቁርጭምጭሚቱን የሚነክስ ከሆነ ደግሞ የእከክ ተባይ ጠርጥሩ።

ማሳከኩ የጀመረበትን ቀን ካላንደር ላይ ጻፉት። በሚቀጥለው ዓመት መረቡንም ልብሱንም ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አውጡ፤ ቆዳው አንዴ ከተቆጣ በኋላ ማብረዱ ሳምንታት ይፈጃል።